«ጨጓራ ነው» እየተባለ የሚታለፈው የአመጋገብ መዛባት፦ ቴራፒው ምኑን ነው የሚያክመው?

ቦርከና_ማዶ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። የምጠይቀው ስለ አንዲት ልጅ አይደለም፣ ተደጋግሞ ስለሚመጣ ነገር ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ «ጨጓራዬ ነው» እያሉ ምሳ አይነኩም። ቤተሰብ ክሊኒክ ይወስዳል፣ የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ይታዘዛል፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ልጅቷ ያው ናት። ገሚሱ ይከሳል። ገሚሱ ክብደቱ ምንም አይልም፣ ግን ከበሉ በኋላ ሄደው እንደሚያስመልሱ ጓደኞቻቸው ይነግሩኛል። በኮምቦልቻ ሙቀት ሹራብ ላይ ጃኬት ደርባ የምትመጣም አለች።

ከጨጓራና ከጾም በምን ልለየው? ቴራፒ ሲባልስ በየሳምንቱ በተግባር ምን ይደረጋል? መክሮ መመለስ ከሆነ እሱንማ እኛም ሞክረነዋል። ደሴ ላይ በዚህ ብቻ የሠለጠነ ባለሙያ ካልተገኘስ ከየት ይጀመራል?

ሐኪም_ዘሆጤ

እህቴ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፣ ሁለተኛውን ለሥነ ልቦና ሰዎች እተወዋለሁ።

ጨጓራ የሚያመው ሰው የሚሸሸው የሚያቃጥለውን ነው፦ በርበሬውን፣ ቡናውን፣ የኮመጠጠውን እንጀራ። የአመጋገብ መዛባት ያለባት ልጅ የምትሸሸው ያወፍረኛል የምትለውን ነው፦ ዘይቱን፣ ቅቤውን፣ ዳቦውን። ቃሪያ የበዛበት ሰላጣ ስትበላ ጨጓራዋ ትዝ አይላትም። ደግሞ ጨጓራ ያለበት «ድኜ እንደ ልቤ በበላሁ» ይላል፤ ይህችኛዋን የሚያስፈራት መዳኑ ራሱ ነው። «ሕመሙ ዛሬ ቢጠፋልሽ ነገ ምን ትበያለሽ?» ብለሽ ጠይቂና ፊቷን እዪ።

የከሳ ሁሉ ግን አኖሬክሲያ (ውፍረትን ፈርቶ ራስን እያስራቡ የመክሳት ሕመም) የለበትም። ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ የአንጀት ጥገኛና እርግዝና አስቀድመው ይጣሩ።

አደጋው እንዲህ ይታያል። 5 ደቂቃ ተጋድማ ካረፈች በኋላ ግፊቷና የልብ ምቷ ይለካ፣ ቆማ 2 ደቂቃ ከቆየች በኋላ ይደገም። ቀን ላይ አርፋ ሳለ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ፣ ግፊቷ ከ90/45 ከወረደ፣ ሙቀቷ ከ35.6 ካነሰ፣ ስትቆም ራሷን ከሳተች፣ ውሃም እምቢ ካለች ወይም ደም ካስመለሰች ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ትግባ። «ስፖርት ስለምትሠራ ነው ምቷ የቀነሰው» የሚባለውን እየከሳ ባለ ሰው ላይ አትቀበሉ።

የምታስመልሰዋ ክብደቷ ደህና ስለሆነ ማንም አይደነግጥላትም፣ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ማስመለስ ሲደጋገም ፖታሲየም ይወርዳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፣ ይህ ሚዛን ላይ አይታይም። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፌት፣ የደም ስኳር፣ ኩላሊትና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይታዘዙላት። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም። በሁለቱም ጉንጭ ላይ ጆሮ ደግፍ የመሰለ እብጠት፣ የፊት ጥርስ በውስጥ በኩል መሸርሸር ካያችሁ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ። ጥርስ ካልኩ አይቀር፣ ካስመለሱ በኋላ ወዲያው በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ መፋቅ በአሲድ የለሰለሰውን የጥርስ ገጽ ያስወስደዋል። በውሃ ተጉመጥምጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ መታገሥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የከሳችን ወይም ለቀናት ምንም ያልቀመሰችን ልጅ እናት በአንድ ቀን ገንፎ በቅቤ ልታጠግባት ትነሳለች። ሰውነቱ ምግቡን ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ድንገት ወደ ሴል ይገባል፣ ደሙ ባዶ ይቀራል፣ ልብና መተንፈሻ ይታወካሉ። ሪፊዲንግ ሲንድረም ይባላል። ስለዚህ እንዲህ ያለችዋ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ቀድሞ ተሰጥቷት፣ ምግቡ በሐኪም ዕቅድ እየጨመረ፣ ደሟ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት እየታየ ነው መመገብ ያለባት። ፈርቶ ጨርሶ አለመመገብም ይገድላል፣ ቦታው ሆስፒታል ይሁን ነው የምለው።

ጦሳ_ሥር

ዶክተር ያለው ላይ የምጨምረው የለም። ወደ ቴራፒው ልሂድ።

ምክር የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ልጅቷ መብላት እንዳለባት ካንቺ ባልተናነሰ ታውቃለች። ቴራፒው «ለምን ጀመረሽ?» ብሎ አይጀምርም፣ «ዛሬ አልለቅሽ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ክብ ይሣላል፣ በራሷ ቃል። ስለ ሰውነቷ መጨነቅ ምግብ ያስከለክላታል። ክልከላው ያስርባታል። ርሃቡ አንድ ቀን ማታ ይገነፍልና ማቆም እስኪያቅታት ትበላለች። ታስመልሳለች፣ ትጸጸታለች፣ ነገ የባሰ ትከለክላለች። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ብዙ ጊዜ የሚሉት «እኔ ሆዳም የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ» ነው።

ሆዳምነት አለመሆኑን የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እና 45 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው 6 ወር ያህል በግማሽ ጥጋብ ኖሩ። ስለ ቅርጻቸው ተጨንቀው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማገላበጥ፣ ስለ ምግብ ብቻ ማውራት፣ አንድ ሳህን ላይ ሲያነካኩ መዋል፣ መነጫነጭ ያዙ። ምግቡ ሲፈቀድላቸው ጠግበውም ማቆም ያቃታቸው ነበሩ። ከምናየው ጸባይ ብዙው የርሃብ እንጂ የልጅቷ አይደለም። ስለዚህ ሆዱ ሳይሞላ ጭንቅላቱን ማከም አይሆንም።

ብዙ የተመረመረው ሲቢቲ-ኢ የሚባለው ነው፣ ሐሳብንና ልማድን አብሮ የሚያክመው የንግግር ሕክምና (ሲቢቲ) ለአመጋገብ መዛባት የተዘጋጀ ዓይነት፣ ኦክስፎርድ ላይ ክሪስቶፈር ፌርበርን ያዳበረው። ክብደታቸው ብዙ ላልወረደ 20 ቀጠሮ በ20 ሳምንት፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ገደማ። በጣም ለከሱት ወደ 40 ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ ናቸው፣ እዚያ ላይ የታየ ለውጥ ቀሪውን ይናገራል። በወር አንዴ እየተጠራች የምትመክሩት ልጅ የማትለወጠው ለዚህም ነው።

ሁለት ሥራ ይቀድማል። አንዱ መዝገብ ነው። የ50 ሉክ ደብተር፣ አምስት አምድ፦ ሰዓት፣ የበላችው፣ የት፣ ምልክት (በዛብኝ ካለች ኮከብ፣ ካስመለሰች ነጥብ)፣ በልቧ የነበረው። ካሎሪ አይጻፍም፣ ግራምም አይጻፍም። ማታ ተቀምጦ ማስታወስ ሳይሆን እዚያው እንደበላች። አንድ መስመር ልሣልልሽ፦

«ማታ 3:40 / ዳቦና የተረፈ ወጥ / ወጥ ቤት፣ ቆሜ / ኮከብ፣ ነጥብ / ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ብቻ ነበር የጠጣሁት፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።»

አዲስ ባለሙያ 3:40 ላይ ይንጠለጠላል፣ «ምን ተሰምቶሽ ነበር?» እያለ። የተካነው ጣቱን «ጎበዝ ነኝ» ላይ ያሳርፋል። ማታው የተበላሸው ጠዋት ነው።

ሁለተኛው ሰዓት የጠበቀ ምግብ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ፣ 4 ሰዓት ላይ ቆሎ ወይም ሙዝ፣ 7 ሰዓት ምሳ፣ 10 ሰዓት መክሰስ፣ ማታ 1:30 እራት። በመካከሉ ከ4 ሰዓት በላይ ክፍተት አይኖርም፣ በመካከሉ መነካካትም የለም። ራባትም አልራባትም ትበላለች፣ ምክንያቱም በዚህ ሕመም የርሃብና የጥጋብ ምልክቱ ተበላሽቷል። መጀመሪያ ላይ ምን እንደምትበላ አንጨነቅም፣ መቼ እንደምትበላ እንጂ። በተደጋጋሚ የሚበላሸው ትናንት ማታ በዝቶብኛል ብላ ቁርስ ስትዘል ነው። የማታው ምንም ያህል ይሁን ቁርሱ በሰዓቱ ይበላል። በዚህ ድርድር የለም።

ሚዛን በሳምንት አንዴ፣ ከባለሙያው ጋር፣ ቁጥሩን አብሮ በግራፍ ላይ እያስቀመጡ። ፒያሳ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆችን ታውቂያለሽ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየሚዛኑ የምትወጣ ልጅ የምትለካው የጠጣችውን ውሃ ነው። የአንድ ሳምንት ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፣ የ4 ሳምንት መስመር ይናገራል። የሚያስቀምጥ ኪኒንና የማቅጠኛ ሻይም እዚህ ላይ ይነሳል፦ የሚሠሩት ትልቁ አንጀት ላይ ነው፣ ምግቡ ከዚያ በፊት ተመጧል፣ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ማስመለስም የተበላውን ሁሉ አይመልስም። ይህ ለብዙዎቹ አዲስ ወሬ ነው።

ከእነዚህ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ምዕራፍ 8 ሳምንት ገደማ ነው፣ ዋናው የሐሳብ ሥራ እዚያ አለ። ወረቀት ላይ ድፎ ዳቦ እንድትሥል ታደርጊያለሽ፦ «ራስሽን የምትመዝኚበት ነገር ሁሉ እዚህ አለ፣ በየድርሻው ቁረሺው።» ትምህርት፣ ጓደኛ፣ እምነት፣ ቤተሰብ ቀጭን ቀጭን ቁራሽ ያገኛሉ፣ ሰውነቷ ሦስት ሩቡን ይወስዳል። ሥራው ያንን ቁራሽ በክርክር መቀነስ አይደለም፣ ሌሎቹን ማሳደግ ነው፦ ያቋረጠችውን መዝሙር ወይም መንዙማ፣ ያቆመችውን ስፌት፣ የሸሸችውን ጓደኛ። ጎን ለጎን በመስታወት ሰውነትን መፈተሽ፣ እጅን በጣት መለካት፣ የቲክቶክ ማወዳደር ይመዘገባሉና ይቀነሳሉ። የምትፈራቸው ምግቦችም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይገባሉ፦ ዘይት ያለው ሽሮ፣ ከዚያ ፍርፍር፣ ከዚያ ቅቤ ያለው ጨጨብሳ።

መድኃኒት አለ ወይ ለሚል፦ ለቡሊሚያ (ከልክ በላይ በልቶ ለማስመለሱ ሕመም) ፍሎክሰቲን ይረዳል፣ መጠኑ ለድብርት ከሚሰጠው ይበልጣል፣ ስለዚህ የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። በጣም በከሳች ልጅ ላይ ምግብን አይተካም። ቡፕሮፒዮን የሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ደግሞ ለሚያስመልስ ሰው አይሰጥም፣ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል።

2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆች የነበሩ ናቸው እነዚህ። ያዩትን ጠይቁ። ግን «መጀመሪያ ጠባሳው ይዳን፣ ምግቡ ይደርሳል» አትበሉ። በባዶ ሆድ ያን ወሬ መሸከም አይቻልም።

የሰኞ_ገበያዋ

ጦሳ_ሥር እጅህ ይባረክ፣ ግን ቤት የምትኖር የ16 ዓመት ልጅ ብቻዋን ደብተር ይዛ አትድንም። ሕመሙ ከ19 ዓመት በፊት ጀምሮ 3 ዓመት ካልሞላው፣ በተለይ አኖሬክሲያ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚመረጠው ቤተሰብን የያዘው ሕክምና ነው፣ ለንደን ማውድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው። ሦስት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ወላጅ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ይረከባል፣ ክብደት ሲመለስ ቀስ በቀስ ለልጅቷ ይመልስላታል፣ በመጨረሻ የዕድሜዋ ጉዳይ ይነሳል። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል።

እኛ ቤት መጀመሪያ የሚወድቀው ትሪው ላይ ነው። አንድ ትሪ ከብበን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እሷ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡን ትነካለች፣ ለታናሿ ታጎርሳለች፣ «ጠገብኩ» ትላለች፣ እጇ ሲሠራ ስለዋለ ሁሉም የበላች ይመስለዋል። በሕክምናው ወራት የራሷ ሳህን ይኑራት። የሚያቀርበው እናት ወይም አባት ነው፣ እሷ ወጥ ቤት አትገባም። ከሳህኗ የምታጎርሰው የለም፣ ለእሷም ጉርሻ የለም። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ግን በግድ ሲሆን ማስገደድ ነው፣ ጉርሻ በጉርሻ መደራደርም ይከተላል።

የሚባለው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፣ በተመሳሳይ ድምፅ፦ «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ መድኃኒትሽ ነው። አብረንሽ ነን፣ አንቺ ስትጨርሺ እንነሳለን።» ስድብ የለም፣ ልመና የለም፣ «ለእኔ ስትይ» የለም። የሚያበላሸው አባት «ብዪ» ሲል እናት በጓዳ «ተዋት» ስትል ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አያት ናት። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ያየች የወሎ አያት ፊት ምግብ ሲገፋ እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው፣ ብትቆጣ አይፈረድባትም። ለብቻ ቁጭ ብሎ «ትዕቢት አይደለም፣ ሕመም ነው» ማለት ያስፈልጋል።

ከምግብ በኋላ ያለው 1 ሰዓት ብቻዋን አትሁን። ለዚህ እኛ የተዘጋጀ ነገር አለን፦ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰዓቱ ያልቃል፣ ማንም ጠባቂ አይመስልም። ለእሷ ግን ቡናው ቀርቶ ወተት ወይም በሶ ይሁን፣ ቡና ርሃብን ያጠፋል።

ደግሞ ሰላምታችንን እናርም። «ምነው ከሳሽ» ለታመመች ልጅ ሽልማት ነው። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ደግሞ ስትድን የሚወረወርባት ድንጋይ ነው። «ናፍቀሽኝ ነበር» ይበቃል።

ግሸን_መንገድ

ስለ ጾሙ ማንም አልነካውም። ጾም በሽታውን አያመጣም፣ ግን ይሸፍነዋል። መለያው ፍስኩ ላይ ነው። የጾመ ሰው ለፋሲካ ዶሮውን ይናፍቃል። ይህችኛዋ 55 ቀኑ ሲያልቅ ትጨነቃለች፣ ቀን ትጨምራለች፣ «ሱባኤ ይዣለሁ» ትላለች፣ በሰኔ የሐዋርያትን፣ በነሐሴ ፍልሰታን፣ በጳጉሜ የጳጉሜን እያለች ታያይዘዋለች። በሙስሊሙም ያው ነው፦ ሱሑር አትነሳም፣ ኢፍጣር ላይ በቴምር ብቻ ትነሳለች፣ ከረመዷን በኋላ የሸዋልን ስድስት፣ ከዚያ ሰኞና ሐሙስን ትቀጥላለች። ሌላው ቤተሰብ ሳይጾም እሷ ብቻ ከሆነች ጠይቁ።

ቴራፒስቱ ሃይማኖት አይከራከርም፣ ተከራክሮም አያሸንፍም። የሐኪም ወረቀት ይዞ ወደ ንስሐ አባቷ መሄድ ነው፤ ለታመመ ጾም የማላላት ሥልጣን የእሳቸው ነው፣ «ምግብሽ ለጊዜው ጸሎትሽ ነው» የሚል ቃል ከእሳቸው ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው። በእስልምናም ሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ላይ ለታመመ ተፈቅዷል፣ ቀኑን በኋላ ያካክሳል፣ ኢማሟ ይንገሯት። ጠበል የምትሄድ ከሆነ አታስቀሯት፣ ግን ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ለእሷ አደጋ መሆኑን ለአጥማቂው ንገሩ፤ መጠመቁ ይቀጥል።

ቦርከና_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ለማጥናት እያሉ ጫት የሚቅሙ አሉ፣ ወንዶቹም ጭምር። ይህ ከዚሁ ጋር ይያያዛል? ሦስተኛው ጥያቄዬም አልተመለሰም።

ጦሳ_ሥር

በደንብ ይያያዛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ያጠፋል፣ እንቅልፍም ይወስዳል። ከምሳ በኋላ የቃመ ሰው መክሰሱና እራቱ ይቀራሉ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲወርድ ያገኘውን ይበላል፣ ጠዋት አይነሳም፣ ቁርስ የለም። ክቡ ያው ክብ ነው። መዝገቡ ላይ ጫቱም ይጻፍ፣ እየተቃመ የምግቡ ሰዓት አይያዝምና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይነሳል። ወንዶቹን ስትጠይቂ «መቅጠን ትፈልጋለህ?» አትበዪ፣ አይደለም ይሉሻል። ስለ ጡንቻ፣ ስለ ጂም፣ ጂም ሲቀር ስለሚሰማቸው ጠይቂ።

ለሦስተኛው፦ ለቡሊሚያና ራስን መቆጣጠር አቅቶ ለመብላት የተለየ ስፔሻሊስት አይጠበቅም። ሲቢቲ የሚያውቅ ሳይኮሎጂስት ወይም የአእምሮ ጤና ነርስ በሰዓት መብላቱን፣ መዝገቡንና የሳምንት ሚዛኑን ይዞ መጀመር ይችላል። ለከሳችዋ ግን ሐኪም፣ ቴራፒስትና ቤተሰብ በአንድ ላይ ያስፈልጋሉ። በር መክፈቻው ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል ይጻፋል።

ሐኪም_ዘሆጤ

ስትልኪ የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የጨጓራ ሕመም» ብለሽ አትጻፊ፣ ያው ኦሜፕራዞል ይዛ ትመለሳለች። እንዲህ ይሁን፦ ከስንት ወር ጀምሮ ምግብ እንደቀነሰች፣ በዚህ ጊዜ ክብደቷ ከስንት ወደ ስንት እንደሄደ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምታስመልስ፣ የወር አበባዋ ከቀረ ከመቼ ጀምሮ፣ ራሷን ስታ ታውቅ እንደሆነ፣ መሞት ታስብ እንደሆነ። የመጨረሻውን በቀጥታ ጠይቂያት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ አዎ ካለች ደግሞ ብቻዋን አትላክ። ወረቀቱን አሽጊና ለወላጅ ስጪ፣ ሐኪሙ እጅ እስኪገባ ልጅቷ አትያዘው፣ ክብደት የሚለው መስመር ላይ ቁጥር አይታ ሌሊቱን ስትቆጥረው ታድራለች።